ረቡዕ የተያዘው ዓሣ

ዛሬ ጋሽ መኮንን ባሕሩ ዳር ቆመው ከልባቸው ሲስቁ ሰማሁ። ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም።

ከአርባው በኋላ ጠያቂ ሲቀንስ ቤቱ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ የኔም ሚስት አርፋለች። እናም የሰሞኑ ብርድ ትንሽ ሲለቅ ቢከን ሂል የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄጄ «ጋሼ፣ ይነሱ፣ ዓሣ እናጥምድ» ብዬ ይዣቸው ወጣሁ።

ከብርድ በኋላ ዓሣው ይሰንፋል። መንጠቆውን የባሕሩን ወለል አስነክቶ በቀስታ መጎተት ነው አልኳቸው።

«እንደኔ ነዋ፣ ጎታች ካላገኘ አይነሳም» አሉኝ።

ብዙ ቆይቶ ክራቸው ተወጠረ። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን የሆኑ ጠፍጣፋ ዓሣ ወጣ።

«ይሄን ደግሞ ማን በጥፊ አጠናገረው?» ብለው የሳቁት ያኔ ነው።

ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?»

ረቡዕ ነው! ለምሳ ብለን የመጣነው ሁለታችንም ጾሙን ረስተን ነው። ቤታችን ውስጥ ጾሙን የሚያስታውሱን ሚስቶቻችን ነበሩ። (ስልኬ ለሁሉም ነገር ይጮኻል፣ ለዚህ ግን ዝም ነው።)

«አምላኬ ይቅር በለን» ብዬ ዓሣውን ልለቀው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው እንጂ! ነገ ሐሙስ ነው። ፍሪጅህ ውስጥ ይደር፣ መጥቼ እኔው እጠብሰዋለሁ።»

ከቀብሩ ወዲህ ስለ ነገ ሲያወሩ የሰማኋቸው ዛሬ ነው። ተመስገን።

እናንተንስ በኀዘናችሁ ጊዜ ከቤት ጎትቶ ያወጣችሁ ማን ነው? እስቲ አጫውቱኝ።