የመጠለያው ውሃ

ፀዳል አሜሪካ፣ ዴንቨር መሃል ከተማ ባለ አሮጌ የመንግሥት ሕንፃ ምድር ቤት ያለውን የአደጋ መጠለያ መጠበቅ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። መጠለያው የተሠራው የአቶሚክ ቦምብ በሚፈራበት ዘመን ነው፤ አሁን የቶርኔዶ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮህ ሁለት መቶ ሰው ይወርድበታል። ግድግዳው ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባል፣ የብረት በሩ ዝጎ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ይታደስ ብላ ሦስት ዓመት ሙሉ ኢሜይል ጻፈች፣ ፎቶ ላከች፣ ለመነች።

በመጨረሻ መሐንዲስ ሊመጣ ነው ተባለ። በሚመጣበት ቀን ከምትኖርበት ከኦሮራ በመጀመሪያው ባቡር መጣች። ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እንግዳ እዚህ ውስጥ ይገባል እንዴ? እንግዳ ሲመጣ ቤት ይሰነዳዳል፤ ያደገችበት ነው። ውሃውን በፓምፕ ሳበች፣ ወለሉን ወልውላ በፋን አደረቀች፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባች። አላስችል ብሏት ስንጥቁን ሳይቀር ነጭ ቀለም ቀባችው።

መሐንዲሱ በሩን በአንድ እጁ ከፈተው። ዞር ዞር ብሎ አየና «እድሳት አያስፈልገውም» ብሎ ፈረመ።

ፀዳል ክው አለች። «ኧረ ውሃ ይገባል!» ብላ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችው።

«ይሄማ ድሮ ነው፤ አሁን አስተካክለሽዋል፣ ጎበዝ» አላት። «የሚቀጥለው ፍተሻ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ውሃው ከቀለሙ ስር ሾልኮ ጫማዋ ጋ ደረሰ። ፀዳል መወልወያውን ወረወረችበት።

«ሰውዬው እያለ የት ነበርክ?»