የአውሮፕላኑ ጀርባ

ነቀምት ተመድቤ የሄድኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ኦሮምኛ አላውቅም ነበር። የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ነበር። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አግብተው ሲሬና ጊምቢ የገቡ፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው መዝሙር የሚያንጎራጉሩ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ»፣ እናቴ እንደ ማለት፣ ስለሚላቸው እኔም አዴ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ባርሲሳ» አሉኝ፤ አስተማሪ ማለት ነው። ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም።

የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ዝናቡ መንገዱን አበላሸውና አገሬ መሄዱን ተውኩት። ሥራ የፈታ ሰው የሚያደርገውን ሳደርግ፣ ሻንጣዬን ሳገላብጥ፣ አዲስ አበባ ሳልፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን የጣሊያን መጽሔት አገኘሁ። የገዛሁት ሥዕሉን ቆርጬ ክፍል ውስጥ ልለጥፍ ነበር። አሁን ቀስ ብዬ ስገልጠው የጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ናቸው። እያንዳንዱ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ተሥሏል፤ ከሥሩ ልኩ በሜትር ተጽፏል። ጣሊያንኛ ባልችልም ቁጥር ቁጥር ነው። ሜትሩን ወደ ሴንቲሜትር አወረድኩና የሸሚዝ ካርቶን ላይ ነደፍኩ። በምላጭ ቆረጥኩ፤ ከስንዴ ዱቄት ሙጫ ሠርቼ ለጠፍኩ።

ክንፉ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ አፍንጫው ነው። ዝርግ ወረቀት እንደ እንቁላል ጫፍ ክብ አልሆንልህ አለኝ፤ ተጨማደደ፣ ተቀደደ። አንድ ቀን አዴ ሻይ ይዘውልኝ ገቡና ትንሽ አዩኝ።

«ባርሲሳ፣ አንገትጌ ሰፍተህ አታውቅም?» አሉኝ።

«የት አውቄ!»

መቀሳቸውን አመጡ። የወረቀቱን ጠርዝ በትንንሹ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው ቀደዱት፣ ጥርስ አወጡለት፣ ከዚያ አንዱን ጥርስ በሌላው ላይ እየደረቡ አጠፉት። ወረቀቱ እጃቸው ውስጥ ክብ ሆነ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሽት ምሽት አብረን መሥራት ያዝን። ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ሠርተን በክር ከጣራው ላይ አንጠለጠልናቸው። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ያዞራቸዋል። አዴ አንገታቸውን ቀና አድርገው «በሉ በሉ! ዛሬስ ወዴት ትሄዳላችሁ?» ይሏቸው ነበር።

ከዚያ ትልቁን ጀመርኩ። ሦስት ሞተር አለው፤ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ ሁለቱ ክንፎቹ ላይ። ሆዱ ወፍራም፣ ጎማዎቹ የማይታጠፉ፣ ክንፉ ከትከሻው በላይ የተጋደመ። አዴ ያን ሳምንት ልጃቸው ጋ ሲሬ ሄደው ስለነበር ብቻዬን ጨርሼ ሰቀልኩት። ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ገቡ፤ ቀና አሉና አዩት። እጃቸው ላይ የነበረውን ዘንቢል መሬት ላይ ለቀቁት። ዞረው ወጡ።

ሦስት አራት ቀን ክፍሌን አልረገጡም። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። በመጨረሻ የስፌት መኪናው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩና «አዴ፣ ተቀይመውኛል?» አልኩ።

መኪናውን አቆሙ። «አልተቀየምኩህም። እሱን አውቀዋለሁ እኮ፤ ሦስት አፍ ያለውን።»

የነገሩኝ ይህንን ነው። ንጉሡ ከአገር በወጡበት ክረምት እሳቸው ገና ያላገቡ ልጃገረድ ነበሩ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ አረፉ፤ አርበኞች ደርሰው አቃጠሏቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎች መጥተው ቦምብ ጣሉ። አዴ ያን ጊዜ ከእናታቸው ጋር ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ ነበር። ሁለቱም ድንጋይ ሥር ተኝተው ወደ ላይ አዩ። ልክ ከበላያቸው አለፈ፤ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ጎማዎቹ ላይ ያለው ጭቃ ይታያል።

«ሆዱን ነው የማውቀው» አሉኝ። «ስንት ዓመት በእንቅልፌ አየሁት። ሁልጊዜ ሆዱን ነው። ጀርባው ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ና፣ አውርደህ አሳየኝ።»

ክሩን ቆርጬ አወረድኩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አዴ ከላይ ሆነው ጎንበስ ብለው ተመለከቱት። ከዚያ አንድ ጣታቸውን ዘርግተው ከክንፉ ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ በቀስታ ሳቡት፤ ጀርባውን ይዘው እስከ ጭራው ወረዱ።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አሉ። «እንዲህ ነው እንዴ!»

ያንን ድምፅ አልረሳውም። ንዴት አልነበረበትም፣ ፍርሃትም አልነበረበትም። ትልቅ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ አገሩን ቁልቁል ያየ ሰው የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አውሮፕላኖቹ የተቃጠሉበትን ሜዳ ልናይ በእግራችን ሄድን። አካባቢውን የሚያርሱት ገበሬ የአዴ ሟች ባለቤት ዘመድ ነበሩ። እርጎ አቀረቡልንና ስለ ምን እንደመጣን ስነግራቸው «ብረቱን ነው የምትፈልገው?» ብለው ወደ በራቸው አመለከቱኝ። በሩ ከውስጥ የሚቀረቀርበት ነገር እንጨት አልነበረም፤ ቀጭን ክብ የብረት ቱቦ ነበር። እጄ ላይ ሰጡኝ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው። በአንዱ ጫፉ ላይ በብየዳ የተያያዘ የሌላ ቱቦ ቁራጭ ወጥቷል፤ እሳት የነካው ጎን ጠቁሯል። በካርቶን ስጠፈጥፍ የከረምኩት ነገር አጥንት እጄ ላይ ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«የቀረውስ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«የቱ የቀረው? ተቃጠለ እንጂ። ጨርቅ አይደለም እንዴ!»

አዴ ቀና አሉ። «ጨርቅ?»

«ክንፉ ጨርቅ ነበር። ቀለም የተቀባ፣ እንደ ከበሮ የተወጠረ። እናቴ ከእሳት የተረፈውን ቁራጭ ወስዳ እህል ቋጥራበት ነበር፤ አልቆ አልቆ ተጣለ።»

አዴ እርጎውን አስቀመጡ። «በእጅዎ ነክተውታል? ስፌት ነበረው?»

«ነበረው። ድርብ ስፌት፣ ደቃቅ። እናቴ ልትተረትረው ብላ አልቻለችም።»

ከዚህ በኋላ አዴ የተናገሩት ለእኔ አልነበረም፣ ለገበሬውም አልነበረም። «ማነው የሰፋው?» አሉ።

ያን ያህል ወር መጽሔቱን ሳገላብጥ፣ ልክ ስለካ፣ ስቆርጥና ስለጥፍ፣ አውሮፕላኑን የሰፋ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አብራሪውን አስቤ ነበር፤ ቦምብ ጣዩን አስቤ ነበር። ባሕር ማዶ የሆነ ቦታ አንዲት ሴት መርፌ ይዛ ያንን ክንፍ ስትሰፋ ግን አልታየችኝም ነበር። አዴ ታየቻቸው። ፊታቸው ላይ አየሁት።

ገበሬው ገመድ ነበራቸው። አውሮፕላኑን በሙሉ ልኩ ልናየው ሜዳው ላይ ወጣን፤ የመጽሔቱን ልክ ከወረቀት ላይ እያነበብኩ ችካል ተከልን፣ ገመድ ወጠርን። መጀመሪያ ክንፉን፣ ቀጥሎ ገላውን፣ ከዚያ ጭራውን። የጎረቤት ሰዎች ምን እየተሠራ ነው ብለው መጡና ገመድ በመያዝ አገዙን። ስንጨርስ አጠገቡ ወዳለ ጉብታ ወጥተን አየነው። በጠረጴዛዬ ላይ ክንድ የማይሞላው ነገር ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሁለት ጎጆ ከነግቢያቸው ይውጣል። ላሞች በክንፉ ውስጥ ይግጡ ነበር። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

አዴ ብቻቸውን ወረዱ። ከክንፉ ጫፍ ጀመሩና በገመዱ አጠገብ ተራመዱ። ጎንበስ እያሉ ክንዳቸውን ከክርን እስከ ጣት ጫፍ እየዘረጉ ይለካሉ፤ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እንደሚለኩት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መሐል ሲደርሱ ቀና ብለው «ባርሲሳ! ይሄ እኮ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም!» ብለው ጮኹ። «የሰፈሩ ሴት በሙሉ ቢሰፋ ነው!» ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ መለካታቸውን ቀጠሉ።

ገበሬው ገመዱን የፈቱት በማግሥቱ እንደሆነ ኋላ ነገሩን፤ ልጆች ሲያዩት ስላመሹ ማንሣት አሳዝኗቸው ነበር። ቱቦውን ለእኔ ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፤ በራቸው በምን ይዘጋል ብዬ እምቢ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነቀምት ቆየሁ። ሌሎችም ሠራን፤ አዴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ሥዕል ሳሳያቸው አስቀድመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ጨርቅ ነው ወይስ ቆርቆሮ? ወደ ጊዳ አያና ስዛወር ባለ ሦስት ሞተሩን እሳቸው ጋ ተውኩት። ዳግመኛ እንዲሰቀል አልፈቀዱም። የስፌት መኪናቸው አጠገብ ባለው መስኮት ላይ፣ ቁጭ ባሉበት ቁልቁል እንዲያዩት ዝቅ አድርገው አኖሩት። ደንበኛ ልብስ ሊለካ ሲመጣ፣ እጃቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ፣ በአገጫቸው ወደዚያ እያመለከቱ ስለ ድርብ ስፌቱ ይነግሩት ነበር።