በግራው መስኮት በኩል

ሰውየው ጠዋት ጠዋት አውቶቡሳችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በግራ በኩል፣ መስኮቱ ሥር ነው። ቦታው ከተያዘበት ቆሞ ይሄዳል፤ ቀኝ በኩል መቀመጥማ ሞቱ ነው። ኮቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ጫማው ግን እንደ መስተዋት ያበራል። ጭኑ ላይ «የነፋስ ኃይል ወጪ» የሚል የመንግሥት ፋይል አለ።

አውቶቡሳችን ኮረብታውን ሲዞር የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ብቅ ይላሉ። ያኔ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መሽከርከር ያቆሙትን ይቆጥራል።

ዛሬ አጠገቡ የተቀመጡ እናት ፋይሉን አዩና፣ «ልጄ፣ የነፋስ መብራት ርካሽ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉት።

«ርካሽ ነው እማማ» አለ ፈገግ ብሎ። «ያሰላሁትም እኔ ነኝ።»

አውቶቡሱ ዞረ። አንድም የሚሽከረከር አልነበረም። ሰውየው መቁጠሩን ትቶ ስልኩን አወጣና ቤት ደወለ።

«ሚጡዬ፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደር እናትሽ አጠገብ አድርጊው። አሁኑኑ፣ መብራት ሳይጠፋ።» ትንሽ አዳመጠ። «አይዞሽ፣ መብራት ጠፍቶ የመተንፈሻ ማሽኗ ቢቆምም ሲሊንደሩ እስክመጣ ያደርሳታል።»

እሱ ፋይሉን ገለጠና «ርካሽ ነው» ከሚለው ፊት በእርሳስ «ሲነፍስ» ብሎ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከመውረዱ በፊት ግን በላጲስ አጠፋት።