የሽንት ቤት ቧንቧ የዋጠች መኪና

መኪናዬ አሮጌ ደብል ጋቢና ናት፤ የናፍጣ። ዳገት ሲበዛባት ከሞተሩ አጠገብ የሞቀ አየር እየማገች ትደክማለች። ስለዚህ ቀዝቃዛውን አየር ከፊት እንድትስብ ብዬ ራሴ ሠራሁላት። ለሽንት ቤት ፍሳሽ የሚሸጠውን ግራጫ ቧንቧ በእሳት አሙቄ አጠፍኩና አንዱን ጫፍ ከአየር ማጣሪያው ጋር በጎማ ላስቲክ አሰርኩት። ሌላውን ከፊት መብራቱ ሥር አውጥቼ፣ ጀሪካን ቆርጬ ሰፊ አፍ አበጀሁለት። የመካነ ሰላም ሰው ምን ሥራ አለው፤ «የሽንት ቤት ቧንቧ የዋጠች መኪና» ብሎ ስም አወጣላት። ይሳቅ! ዳገት ስትወጣ ድምፅዋ ራሱ ተለውጦ ነበር። ማንም አፉን ቢከፍት ለቧንቧዬ ጠበቃው እኔው ነበርኩ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወግዲ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ምጧ ጀመረ ሲሉኝ በዚያው ምሽት ሄጄ አደርኩ። ጠዋት ጤና ጣቢያው የልጁ አቀማመጥ ልክ አይደለም፣ ቶሎ መካነ ሰላም ሆስፒታል አድርሷት አለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ያለችው የእኔዋ መኪና ብቻ ናት።

ባለቤቴና እናቷ ከኋላ ተቀመጡ። «መስኮቱን ዝጋው እንጂ! ላቧ ላይ ንፋስ ሊመታት ነው?» አሉ አማቴ። ውስጡ ታፍኗል፤ ግን ከአማት ጋር ስለ ብርድ ክርክር አይገጠምም። ዘጋሁት። ባለቤቴ ምጡ በመጣ ቁጥር የወንበሬን ጀርባ ጨምድዳ ትይዛለች።

ሜዳውን ደህና ሄድን። ዳገቱ ሲጀምር ግን መኪናዋ ከበዳት። ነዳጅ ረገጥኩ፤ በስፖኪዮው ጥቁር ጭስ አየሁ። ማርሽ ብቀንስ ባሰባት። ዳገቱን ሳታጋምስ ተንገጫግጫ ጠፋች።

ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቅኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ቧንቧው አልቀለጠም፣ ላስቲኩም አልላላም። ሚስቴን በገዛ እጄ ሥራ ልገድላት ነው አልኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አማቴ ወርደው መጡ። «ምን ሆነች?»

«አየር አጥሯታል፣ እማማ።»

«በየት በኩል ነው አየር የምታገኘው?»

የጀሪካኑን አፍ አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ውይ በሞትኩት! ማታ ውርጩ ጠና፤ እሷ አፏን ከፍታ ስትቆም አሳዘነችኝ። ብርድ እንዳይገባባት ብዬ ሻሼን ወተፍኩባት።»

እጄን ብሰድ ሻሹ የለም። ሞተሩ ስቦ ስቦ እስከ እጥፋቱ አስገብቶታል። ላስቲኩን በቢላዋ በጥሼ ቧንቧውን ነቀልኩ፤ ሻሹንም በእንጨት ገፍቼ አወጣሁት። ከመኪናው ውስጥ የባለቤቴ ጩኸት እየባሰ ነው። ላስቲኩ ተበጥሷል፣ ሌላ ማሰሪያ የለኝም። መገጣጠሚያውን በዚያው ሻሽ ጠፍሬ አሰርኩት።

ተነሳች። ዳገቱን ስትያያዘው ከኋላዬ የመስኮቱ መዘውር ሲዞር ሰማሁ። የደጋው ብርድ ገባ። ዘወር ስል የከፈቱት አማቴ ናቸው።

«አብሽሪ ልጄ፣ ተንፍሺ» አሉ።

ሆስፒታል እንደደረስን ሴት ልጅ ተወለደች። ስትወለድ አላለቀሰችም። እኔና አማቴ ከበሩ ውጭ ቆመን ድምፅ ጠበቅን። በመጨረሻ አለቀሰች። አዋላጇ ወጥታ «አየር አጥሯት ነበር። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አናገኛትም ነበር። መንገድ ላይ ምን አዘገያችሁ?» አለች።

አማቴ ሊናገሩ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ቧንቧው ነው» አልኩ። «እኔ የሠራሁት ቧንቧ እምቢ አለ።»

አማቴ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የመካነ ሰላም ሰው እስከ ዛሬ «አላልንህም?» ይለኛል። «ብላችኋል» እላለሁ።