ጨጓራዬን ነው ያልሁት

የባሕር ዳርን ዘንባባዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ግንዱ ወፍራም የሆነውን፣ ከኋላው የቆመን ሰው የማያሳጣውን፣ ዘበኛ የሚያንዣብብበትን ለይቼ አውቃለሁ። ከፔዳ ግቢ እስከ ወደቡ ያሉትን መጸዳጃ ቤቶች ካርታ ሥራ ብባል ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ፕሮስቴቴ ሲያብጥ ያተረፍሁት እውቀት ይኸው ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ የማስተምረውም መስኖ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ቆጋ ግድብ እወስድና የውኃ በር እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚዘጋ ደረቴን ነፍቼ አስረዳለሁ። አምና ግን ትምህርቱን ሦስት ጊዜ አቋርጬ ባሕር ዛፍ ፍለጋ ሄድሁ። በሦስተኛው ስመለስ አንዲት ተማሪ አንገቷን ደፍታ ልትስቅ ስትል አየኋትና ቀደምኋት። ሰው ሳይስቅብኝ ቀድሞ መሳቅ የዕድሜ ልክ ሙያዬ ነው።

ቤቴ ውስጥ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ባለቤቴ በአሥራ አራት ዓመት ታንሰኛለች። በተጋባን በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አረገዘች፤ ሁለቱም አልቆዩላትም። ልጅ ትፈልጋለች። እኔም እፈልጋለሁ፤ ልዩነቱ እኔ እየቀለድሁ እፈልጋለሁ፣ እሷ እየጾመች።

ኅዳር ላይ ብቻዬን ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ወረቀት አውጥቶ እጢዬን ሳለልኝ፤ ያደገ ድንች ይመስላል። ስውጠው የኖርሁት ክኒን ከእንግዲህ ብዙም እንደማይረዳኝ ነገረኝና ሁለት መንገድ አሳየኝ። አንደኛው በሽንት መንገድ መሣሪያ አስገብቶ እጢውን ከውስጥ መላግ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ይሠራል፤ አስተማማኝም ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ፣ ዘሩ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ሁለተኛው ቀለል ያለው ነው፦ ወይ ትኩስ እንፋሎት በመርፌ እየረጩ እጢውን ማኮማተር፣ ወይ በትንንሽ ማያያዣ ግራና ቀኝ ስቦ መንገዱን መክፈት። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ከዓመታት በኋላም መደገም ሊያስፈልገው ይችላል። ዘርን ግን ብዙ ጊዜ አይነካም። እዚህ ስለማይሠራ የሚሠራበትን ቦታ ራሱ ሊያፈላልግልኝ ቃል ገባ።

«ልጅ የሚያስቡ ከሆነ፣ ጋሼ፣ ብዙ አይቆዩ» አለኝ። «ከባለቤትዎ ጋር ይማከሩና በወር ውስጥ ይመለሱ።»

እኔም በዚህ ዕድሜዬ ብወልድ ልጁ አባዬ ከማለቱ በፊት አያቴ ይለኛል ብዬ ቀለድሁ። ለጨዋነት ያህል ሳቀ። ወረቀቱን አጥፌ የመስኖ መጽሐፌ ውስጥ ከተትሁት። ለባለቤቴ ሐኪሙ ማታ ማታ ውኃ ቀንስ ብሎኛል አልኋት፤ አበቃ።

ለምን እንደዋሸኋት እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ወንድነቴ በእርሳስ ተስሎ ምግብ ጠረጴዛ ላይ እንዲመከርበት አልፈለግሁም መሰለኝ። ስለዚህ ሚዛኑን ብቻዬን ያዝሁ። ሰኞ እንፋሎቱን እመርጣለሁ፤ ማክሰኞ ድንች ቅቅል መሆን ያስጠላኝና ማያያዣውን እመርጣለሁ፤ ረቡዕ መላጉ ይሻላል እላለሁ፤ ሐሙስ ጭራሽ ያልታመምሁ ይመስለኛል። እንዲህ ስመዝን ክረምት ገባ።

ፍልሰታ ሲደርስ ሱባኤ ልገባ ነው አልሁ። ከጣና ደሴቶች መካከል ሴት የማይገባበትን ገዳም መረጥሁ። ባለቤቴ ለሁለታችን ልጅ ልለምን የምሄድ መሰላትና ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የስለት ጧፍ ገዝታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። እኔ ገዳሙን የመረጥሁት ሕመሜን ስናገር እንዳትሰማኝ ነበር።

እዚያም አልተናገርሁም። ጠበል የሚያጠጡት አባ እያንዳንዱን ሰው ሕመሙን ይጠይቁና እንደ ሕመሙ ያዙለታል። ከኋላዬ ስምንት ያህል ወንዶች ተሰልፈው ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ምንህን ነው የሚያምህ፣ ልጄ?»

«ጨጓራዬን ነው፣ አባቴ።»

ለጨጓራ የሚታዘዘው በባዶ ሆድ አንድ ጀሪካን ሙሉ ነው። የጨጓራ ሰው ጠጥቶ ጠጥቶ ያስመልስና ይቀለዋል። የእኔ ጨጓራ ግን ድንጋይ የሚፈጭ ጤነኛ ነው፤ ጠብታ አልመለሰም። ሁለት ጥዋት ጣናን በጀሪካን እየቀዳሁ ወደ ሆዴ አዛወርሁት። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ጭራሽ ተዘጋ። ከየዛፉ ሥር ቆምሁ፤ ጸለይሁ፤ አማጥሁ፤ የለም። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አባ ሲደርሱ መሬት ላይ ተኮራምቼ አገኙኝና እውነቱን አወጣሁት። ባዶውን ጀሪካን አንስተው አዩት።

«ብትነግረኝ ኖሮ ተጠመቅበት እንጂ አትጠጣው ባልሁህ ነበር።»

የጀልባውን መንገድ አልረሳውም። የነሐሴ ጣና ማዕበል በመታኝ ቁጥር ነፍሴ ወጥታ ትመለሳለች። ጉማሬ ቢያየኝ ዘመዴ ነው ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር። ባለ ጀልባው ደውሎላት ባለቤቴ ወደቡ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሆስፒታል በቱቦ ቀዱልኝ፤ ያን ዕለት ያገኘሁት እፎይታ ያለ ምንም ማጋነን የገነት ነበር። ከዚያ ያ ወጣት ሐኪም መጣ። ፊኛዬ ለወራት ሲለጠጥ ኖሮ ደክሟል፤ ኩላሊቴም ተነክቷል። ቀላሉ ሕክምና ከእንግዲህ አይበቃኝም፤ መላግ ነው። ባለቤቴ የምታውቅ መስሎት ወደ እሷ ዞረ።

«ያኔ ለጋሼ እንደነገርኋቸው ቀላሉን አድርገነው ቢሆን፣ የልጁ ነገር ሳይነካ የመቅረት ዕድል ነበረው» አላት።

«መቼ ነው የነገሯቸው?»

«ኅዳር ላይ።»

ቀልድ ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አጣሁ። እሷ ጣቶቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኅዳር እስከ ነሐሴ ቀስ ብላ ቆጠረች።

«ዘጠኝ ወር» አለች። «ዘጠኝ ወር ይዘኸው ዞርህ።»

ቦርሳዬን ከፍታ ያልበራውን ጧፍ አወጣችና በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሆነ። ሐኪሙ እንዳስጠነቀቀውም ሆነ። ለልጅ ሌላ መንገድ እንዳለ፣ ዘሩን በመርፌ ወስደው ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደሚሞክሩ ነግሮናል፤ እንሂድ ስላት ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ከዘንባባዎቹ ጋር ተለያይቻለሁ። ጥዋት ጥዋት መጸዳጃ ቤት ስገባ የክረምት ጢስ ዓባይ ነው የሚወርደው፤ ጎረቤት ሁሉ ጃንጥላ መያዝ ነበረበት። ይህን ቀልድ ካዘጋጀሁት ቆየሁ፤ የምነግረው ለእሷ ነበር። እሷ ግን ድምፁ ሲጀምር ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች፤ ስጨርስ መልሳ ትቀንሰዋለች።