እናቴ ሁለቱንም ታዘዘች

ስለ መታዘዝ ብዙ ክፉ ነገር ጽፌአለሁ። በአገራችን ሰው የሚታዘዘው እንቢ ማለት ስለሚያደክመው ነው ብዬ የተከራከርሁበት ጽሑፍ አለ፤ አንባቢ ሲሰድበኝ ደስ ብሎኛል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ሳንቀያየም ኖርን።

ደብረ ታቦር ተመልሼ ከእሷ ጋር መኖር የጀመርሁት ስኳር ከያዛት በኋላ ነው። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት መርፌዋን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ አዘዛት። አላቋረጠችም። ዐቢይ ጾም ገባ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀመስም። አልቀመሰችም። ችግሩ መርፌው ምግብ መፈለጉ ነው፤ ባዶ ሆድ ካገኘ ደሟ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ስኳር ጠራርጎ ይጨርሳል።

ይህን ብነግራት፣ "መርፌውን ተወጋሁ፤ ጾሙንም ጾምሁ። የቱ ላይ ነው ያጠፋሁት?" አለችኝ።

የትም አላጠፋችም። ለየብቻቸው ደኅና የሆኑ ሁለት ትእዛዞች አንድ ላይ ሊገድሏት ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ተዝለፍልፋ አገኘኋት። በዚያ ብርድ ቀሚሷ በላብ ርሷል። ስኳር በውሃ በጥብጬ ወደ አፏ ባስጠጋ ጥርሷን ገጠመች።

"እማዬ፣ ጠጪ።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"መድኃኒት ነው።"

"ስኳር ነው። ስኳር ከልክላችሁኝ የለም? ስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ አልፏል" አልሁ።

ጠጣች። ቀስ በቀስ ዓይኗ ጠራ፤ በስሜ ጠራችኝ። ትንሽ ቆይቶ የቅዳሴ መግቢያ ደወል ተደወለ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገና ሩቅ መሆኑን ደወሉ ነገራት። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ከእንግዲህ ሰዓቱን ማንን እጠይቃለሁ?" ብቻ አለች።

በማግስቱም መርፌዋን ተወግታ ጾመች። እኔ ያነበብሁት ሁሉ አንዲት ቁራሽ ሊያስጎርሳት አልቻለም። ስለዚህ ሄጄ የነፍስ አባቷን ለመንሁ። ቄሱ በዕድሜ ከእኔም ያንሳሉ፤ እሷ ግን አባቴ ነው የምትላቸው። መጥተው ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ ነገሯት።

"አባቴ፣ ፈቀዱልኝ እንጂ አላዘዙኝም" አለች። "የተፈቀደልኝን ብተወው ኃጢአት አለው?"

"የለውም።" ቄሱ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። "እንግዲያው አዝዣለሁ። ጠዋት እህል ሳይቀምሱ እንዳይውሉ።"

መስቀላቸውን ተሳለመች። "ጾሙስ? ሜዳ ላይ ይቅር?"

"ምን ይሁን ይላሉ?"

"ይኸ ይጹምልኝ። ጤነኛ ነው፤ ሥራም የለው።"

"እኔ ጾም ከተውሁ ስንት ዘመኔ!" አልሁ።

"በደንብ አርፈዋላ" አሉ ቄሱ። "ይያዙላቸው።"

እንዲህ ሆኖ ትበላ ጀመር። በሶዋን በጥብጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እንደ ኮሶ ትውጠዋለች። ታዘዘች እንጂ አልተስማማችም። እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። አላምንበትም፤ ግን አላጭበረብርም፤ ከበላሁ ፊቴን አይታ ታውቃለች። ስኳሯ አሁንም ይወጣል፣ ይወርዳል። በስኳሩ ሰበብ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልጠገገም፤ ሐኪሙም አይቶ መልሶ ይጠቀልለዋል። ሌላ የማደርግላት ነገር ስለሌለኝ አልበላም። ለአንድ ጸሐፊ ይህ ታላቅ ሥራ አይደለም።

ትናንት ረፋድ ላይ ዓይኔ ምግቧ ላይ ሲያርፍ አየች። ከቂጣዋ ቆርሳ ዘረጋችልኝ።

"በቃህ ልጄ፣ ብላ። ከነገ ጀምሮ እኔው እይዘዋለሁ።"

ከልቧ ነው። አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። ያንን ቁራሽ ከተቀበልሁ ግን ነገ ጠዋት መርፌውን በባዶ ሆዷ ትወጋለች።

"አንቺ ብዪ" አልኋት።

"አንተ እኮ ግትር ነህ።"

"ከማን ወረስሁት?"

ፈገግ አላለችም። እጇ እንደተዘረጋ ቆየ። ቁራሹን መልሳ ራሷ እስክትጎርሰው ድረስ አጠገቧ ተቀመጥሁ።