ለአልዱባ የተቀመጠው መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ እሁድ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት የምሮጠው ለስብከቱ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ለማስታወቂያው ነበር። ስብከቱ ሲረዝም እንቅልፌ ይመጣል፤ መዝሙሩን እወደዋለሁ፣ ግን ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ። ማስታወቂያው ግን በየሳምንቱ አዲስ ነው። ጋሽ ሙሴ ከደብተር የተገነጠለች ወረቀታቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ «የሚቀጥሉት ፕሮግራሞች» ብለው ሲጀምሩ ልቤ መምታት ይጀምር ነበር። ገዘር የመዘምራን ጉባኤ አለ፤ ጂንካ የጸሎት ቤቱ አጥር ይታጠራል፤ አልዱባ የአዲሱ ጸሎት ቤት ግድግዳ ይመረጋል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከጂንካ ወዲያ ያለው ዓለም በሙሉ በዚያች ወረቀት ላይ የሰፈረ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ የእኛ ባፕቲስት አጥቢያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ሠራተኛ ቀጥራ የምታሠራ ደግሞ አንዲትም አልነበረችም። አንዷ ሥራ ሲኖራት ሌሎቹ ሰው ይልካሉ፤ አናጢው መዶሻውን፣ መዘምራኑ ጉልበታቸውን፣ እናቶች ድስታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የዚህ ሁሉ አስተባባሪ ጋሽ ሙሴ ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በአሪኛም በአማርኛም እኩል የሚቀልዱ ሰው። እኔ የምሄደው ከአባቴ ጋር ነበር፤ አባቴ አናጢ ስለሆነ የትኛውም ሥራ አይቀርበትም፣ እኔም እሱ ከሄደበት አልቀርም።

የምሄደው ግን ሥራ ወድጄ አልነበረም። ሥራው አልቆ ሰው ሁሉ እጁን ከታጠበ በኋላ፣ እራት እስኪደርስ ባለችው ሰዓት፣ ጋሽ ሙሴ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ያወራሉ። ፍሙ ፊታቸውን ከታች ያቀላዋል፤ ፋኖሱ ከኋላቸው ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጭሱ ወደዞረበት ሁላችንም ዓይናችንን እያሸን ቦታ እንቀያየራለን። ታዲያ ጋሽ ሙሴ አንድ ክፉ አመል ነበራቸው። ተረቱን መሃል ላይ ያቆሙታል። ሱሪያቸውን አራግፈው ይነሱና «የቀረው በሚቀጥለው ሥራ» ይላሉ። የጂንካው ሰው የጂንካውን ክፍል ብቻ ሰምቶ ይቀራል፤ ገዘር የሚቀጥለውን ይሰማል፤ ሁሉንም መስማት የሚፈልግ በየሥራው መመዝገብ አለበት። ከእኔ በቀር ሁሉንም የተከታተለ አልነበረም። አባቴ እንኳን፣ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ሲመታ ስለሚውል፣ ተረቱ ገና ሳይሞቅ ያንኮራፋል።

በዚያ ዓመት በጋ የጀመሩልን የጅግራዋን ተረት ነበር። አጥሩን ባጠርንበት ቀን ማታ ጂንካ ላይ ተነሳች። ቆላው በድርቅ ተሰነጣጥቆ ነበርና ጅግራ አሮጊት እናቷን ቤት ትታ ዘር ፍለጋ ደጋ ወጣች። አንድ ገበሬ የመጨረሻዋን የማሽላ ፍሬ ሰጣትና በምንቃሯ ይዛ እንድትሄድ ነገራት፤ መሬት ካስነካቻት ጉንዳኖች ይወስዱባታል። እውነትም ጉንዳኖቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው አብረዋት ጉዞ ጀመሩ። ጅግራን የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል፤ ከንጋት እስከ ማታ ስትለፈልፍ የምትውል ወፍ አፏን ዘግታ ያን ሁሉ መንገድ ልትሄድ ነው። መንገዱ መሃል ላይ ዝንጀሮ ተቀምጦ አገኘችው። «አፍሽ ውስጥ ምን አለ?» አላት። ጋሽ ሙሴም ሱሪያቸውን አራገፉ።

ገዘር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጉሙ እስከ ደጃፉ ወርዶ ነበር። እዚያ ዝንጀሮው ጅግራን ሲሰድባት አመሸ። አረማመዷን ሰደበ፣ ራሰ በራነቷን ሰደበ፣ እናቷን ሰደበ፤ እሷ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ዝም ብላ አለፈችው። ቀጥሎ ከገዘር በታች ባለችው ትንሿ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ክፍሉን ጣሪያ በሣር ከደንን፤ እዚያ ደግሞ ጅግራ በመጨረሻ የእናቷ ደጅ ደረሰች። ጀምበር ጠልቃለች። እናትየው ዓይኗ ደክሟል፤ በዚያ የረሃብ ዘመን ሌባው ብዙ ነበርና ከውስጥ ሆና «ማን እንደሆንሽ ካልተናገርሽ አልከፍትም» አለች። ከኋላ ጅብ እያጉረመረመ ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። ጉንዳኖቹ ግራና ቀኝ ይጠብቃሉ። ብትናገር ፍሬዋ ትወድቃለች፤ ባትናገር ጅብ ይበላታል።

ጋሽ ሙሴ ተነሱ። «የቀረው ለአልዱባ ነው የተቀመጠው» አሉ።

እንደዚያ ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጋሽ ሙሴን መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ተናገረች ወይስ አልተናገረችም እያልኩ እጨቀጭቃቸው ነበር። የሚመልሱልኝ ሁሌ አንድ ነው፤ ስሜ ትዕግስት ነውና ይህን ስም ያወጣልኝ ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ ይጠይቁኛል። መጨረሻውን የማውቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ አልዱባ መሄድ።

የአልዱባው ማስታወቂያ በተነገረበት እሁድ ጋሽ ሙሴ ወረቀቷን ካነበቡ በኋላ፣ ቦታው ቆላ ስለሆነ፣ ወባም ስላለ፣ አይሱዙውም ስለሚጠብ በዚህኛው ሥራ ልጆች አይመዘገቡም አሉ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከተነሳሁ በኋላ ነው፤ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ አባቴ ቀሚሴን ወደ ታች ይጎትታል።

«ጭቃ እረግጣለሁ» አልኩ።

ጋሽ ሙሴ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ምን ያህል ጭቃ?»

«እስኪያልቅ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እስክሪብቶአቸውን አውጥተው ስሜን ከሁሉም በታች ጻፉት።

ቅዳሜ ሲነጋ ቆርቆሮ፣ ጭድና ድስት በተጫነበት አይሱዙ ላይ ወጥተን ቁልቁል ወረድን። የገዘሮቹ ማታውኑ መጥተው ጂንካ አድረው ነበር፤ መዘምራኑ አንዱን መዝሙር ሳይጨርሱ ሌላውን ያነሳሉ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ሹራብ ሁሉ እየወለቀ ጭነቱ ላይ ይጣላል። ጋሽ ሙሴ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል ሲባል ሰማሁ፤ እስከ ማታ ይከፈታል ብዬ አልተጨነቅሁም። ያን ቀን ሊያስጨንቀኝ የሚችል ነገር አልነበረም፤ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ነበር።

ቃሌንም ጠበቅሁ። ከአካባቢው የበና ልጃገረዶች ጋር ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። እኔ በናኛ አልችልም፣ እነሱ አማርኛ አይችሉም፤ አንዷ ስታዳልጥ ሁላችንም ተያይዘን እንወድቅና እንስቃለን። እናቶቻቸው የቡና ገለባ አፍልተው በቅል ያቀብሉን ነበር። አባቴ በር ይገጥማል፤ መዘምራኑ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ። ወደ ማታ አራቱም ግድግዳ ተመርጎ አለቀና ርጥብ ርጥብ እየሸተተ ቆመ።

እሳቱ ሲነድ ከየአጥቢያው የመጣው ሰውና የአካባቢው ቤተሰቦች አንድ ላይ ተቀመጡ። የበና ሽማግሌዎች ትንንሽ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ሙሴ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ሰው ሳቀ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ነፋስ። ሳቁ ቆመ። አንዱ መዝሙር እንዘምር አለ። እኔ ላለቅስ ደረስኩ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት፣ ይህን ሁሉ ጭቃ የረገጥኩት ለዚህች ሰዓት ነበር፤ መጨረሻው ደግሞ እዚያ ቀጭን አንገት ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አንዱ ተረቱን የሰማ ሰው ያውራልን ሲል የገዘሮቹ እኛ የምናውቀው ዝንጀሮው ሲሳደብ ነው አሉ። የጂንካዎቹ ደግሞ እኛ ጅግራ ስትነሳ ብቻ ነው የሰማነው አሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ሙሴ ረጅም ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። የማስታውሰው አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ሳይወስደው አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ነው። የአልዱባው ወንጌላዊ ኦይታ አጠገቤ ቆመ፤ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ ወደ በናኛ ይመልሰዋል። ይህ አዳነኝ፤ እሱ ሲናገር እኔ የሚቀጥለውን አስታውሳለሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ጠረጠርኩት። ምንም የማያስቅ ነገር ተናግሬ በናዎቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ዝንጀሮው ሲሳደብ ጊዜማ የእኔ ስድብ አንድ መስመር ነበር፣ የኦይታ ስድብ አላልቅ አለ፤ ሽማግሌዎቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔም ሞቅ አለኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

እንዲህ እያልን የእናትየው ደጅ ደረስን። ጅብ እየመጣ ነው፣ ጉንዳኖቹ ቆመዋል፣ በሩ ተዘግቷል። ኦይታ ተርጉሞ ጨረሰና ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ ጋሽ ሙሴ ዞርኩ፤ በምልክትም ይሁን፣ አፈር ላይ በመጻፍም ይሁን፣ መጨረሻውን እንደሚያቀብሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ወደ ፊት አዘንብለው ነበር። ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት የበና አሮጊት ለኦይታ አንድ ነገር አሉት።

«ታዲያ ልጅቷ ደጅ ልትቀር ነው ወይ ይሉሻል» አለኝ።

ደጅ እንድትቀር አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ ያለው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ከኋላዋ ድምፅ ተሰማ አልኩ፤ ዝንጀሮው ነበር። ትናገር እንደሆነ ለማየት ብሎ፣ ሥራውን ፈትቶ፣ ከደጋ ጀምሮ ተከትሏት መጥቶ ነበር። «አንቺ እናት» አለ ዝንጀሮው፣ «መንገዱን ሁሉ ስሰድባት መጣሁ፤ አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። ልጅሽ ባትሆን ይህን ሁሉ ለማን ብላ ትችላለች?» እናትየው ይህን ስትሰማ በሩን ከፈተች፤ ጅግራ ገባች፤ ጅብ የደረሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ማሽላዋ ተዘራች።

አሮጊቷ ዝንጀሮውስ ብለው ጠየቁ። እሱም ገባ አልኩ። ያኔ እልልታው ቀለጠ፤ ርጥቡ ግድግዳ የሚናድ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቱ አልቆ አይሱዙው ሲጫን ጋሽ ሙሴን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ሹክሹክታ ያህል ድምፅ መጥቶላቸው ነበር። እውነተኛው መጨረሻ ምን ነበር፣ ይንገሩኝ አልኳቸው። ግራና ቀኝ አዩና ጎንበስ አሉ።

«እኔም አልነበረኝም» አሉኝ።

ተረቱን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሄድ መንገድ ላይ ነበር የሚፈጥሩት። ለአልዱባ ግን ቢያስቡ ቢያስቡ ምንም አልመጣላቸውም፤ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥተዋል። ድምፃቸው ሲዘጋ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸውና፣ ደስ ብሏቸው ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያስጨነቀኝ ነገር ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው። ጂንካ እስክንገባ ሌላው ሲዘምር እኔ አልዘመርኩም። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ነገር እየገረመኝ መጣ። ጋሽ ሙሴ፣ አስተማሪው፣ አስተባባሪው፣ ሁሉን የሚያውቁት ሰው፣ መጨረሻውን ሳይዙ ያን ሁሉ ሕዝብ ጭነው አልዱባ መውረዳቸው ነበር የገረመኝ።

ጋሽ ሙሴ አሁን በሕይወት የሉም። አጥቢያዎቹ በዝተዋል፤ እኔም በየበጋው ከፈቃደኞቹ ጋር እወርዳለሁ፣ የጉዞው ዋዜማ እንቅልፍ የነሳኝ እንደሆነ ልጆቼ ይስቁብኛል። የተረቶቻቸውን አብዛኛውን ረስቻለሁ፤ የጅግራዋም ነገር ቢሆን የትኛው የእሳቸው የትኛው የኦይታ እንደነበር እየተምታታብኝ ነው። ያልረሳሁት ያን ፊት ነው። አሮጊቷ ከጠየቁኝ በኋላ አፌን ልከፍት ስል፣ ፍሙ ከታች አቅልቶት፣ ዓይናቸው አፌ ላይ ተተክሎ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ያን ያህል ትልቅ ሰው ቀጥዬ የምናገረውን ለመስማት ከሁሉም በላይ ጓጉቶ ነበር። ከዚያ ማታ በፊት እኔን እንዲያ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም።